የእኛ ክረምት በሰው ደብተር

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ቅር ያሰኛችሁ ይሆናል። ቢሆንም እናገረዋለሁ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የክረምቱ ትንበያ ይወጣል። በዚህ አካባቢ ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ያመዝናል፣ በዚያ ደግሞ መደበኛ ይሆናል ይባላል። እኛ ግማሹን ሳንሰማ ወደ ሌላ ጣቢያ እንቀይራለን። «ሜትሮሎጂ ይዘንባል ካለ ልብስህን አስጣ» እያልን እንስቃለን። ሐምሌ ሲደርቅ ግን «ማን ነገረን?» እንላለን። ተነግሮናል እኮ! ያልሰማነው እኛ ነን።

ያ ትንበያ ከየት እንደመጣ ብናውቅ አንስቅም ነበር።

ጊልበርት ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ተወለደ። ካምብሪጅ ገብቶ ሒሳብ ተማረ፤ በ1889 ከዓመቱ የሒሳብ ተፈታኞች አንደኛ ወጣ። ቡሜራንግ መወርወር ስለሚወድ ጓደኞቹ «ቡሜራንግ ዎከር» ይሉት ነበር። ስለ አየር ጠባይ ግን የተማረው ነገር አልነበረም። በ1904 ወደ ህንድ ሄዶ የአገሪቱን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሲረከብ ስንቁ ሒሳቡ ብቻ ነበር።

የተረከበው ወንበር ደግሞ የሚያስቀና አልነበረም። በ1899 የህንድ የክረምት ዝናብ ከድቶ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ጆን ኤሊዮት ጥሩ ዝናብ ይመጣል ብሎ ነበር፤ የመጣው ድርቅና ረሃብ ነው። ከዚያ በኋላ ትንበያ የሚባል ነገር ማን ያምናል?

ዎከር መልስ አለኝ ብሎ አልጀመረም። ከዓለም ዙሪያ ቁጥር ሰበሰበ። የአየር ግፊት፣ ሙቀት፣ ዝናብ፣ የወንዝ ሙላት። ያኔ ኮምፒዩተር የለም። ህንዳውያን ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ደመሩ፣ አባዙ፣ አካፈሉ። የአንዱን አገር ዓመት ከሌላው አገር ዓመት ጋር አስተያዩ። ይህ የአንድ ክረምት ሥራ አልነበረም፤ ዓመታት ፈጅቷል። የእነዚያ ጸሐፊዎች ስም አለመነሳቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ዎከር ከሰበሰባቸው ቁጥሮች አንዱ የአባይ ሙላት ነበር። ግብፅ የሚደርሰው የአባይ ውኃ 85 ከመቶ ያህሉ ከእኛ ደጋ የሚወርድ ነው። ሙላቱን የሚያመጣው የእኛ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ህንድ ተቀምጦ ሲያሰላው የነበረው የጎጃምን፣ የጎንደርን፣ የወሎንና የወለጋን ክረምት ነው። ያገኘው ግን ከእኛ አይደለም፤ ከታች ካሉት ነው። ግብፆች የወንዙን ከፍታ ከሺህ ዓመት በላይ ሲለኩና ሲጽፉ ኖረዋል። ካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ በ861 የተሠራው መለኪያቸው ዛሬም ቆሟል። ዝናቡ የእኛ፣ ደብተሩ የእነሱ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይከነክነኛል።

እኛስ ምን ቆጠርን? ሰኔና ሰኞ የገጠመበትን ዓመት እንቆጥራለን። ክፉ ቀንን በስም እናስታውሳለን። በ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው ያ ረሃብ፣ ድርቁ ከከብት እልቂቱ ጋር ተደርቦ አገር ያራቆተው፣ በአያቶቻችን አፍ ቀርቷል። ስንት ቀን ዘነበ? ስንት ቀን ቀረ? የጻፈ የለም።

ወደ ዎከር ልመለስ። ከዚያ ሁሉ ቁጥር ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። በሰላማዊ ውቅያኖስ የአየር ግፊት ከፍ ሲል፣ በህንድ ውቅያኖስ በኩል ይወርዳል። በዚያ ሲወርድ በዚህ ይወጣል። እንደ ሚዛን ሁለት ጎን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «የደቡብ ውዥዋዜ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ብዙዎች አልተቀበሉትም። በሺዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁ አገሮች ሰማይ እንዴት ይገናኛል አሉ። እርሱም ምክንያቱን ማስረዳት አልቻለም። ቁጥሩ ግን በእጁ ነበር።

የህንድ ትንበያውም ቢሆን ሁልጊዜ አልሰመረለትም። እኔ ይበልጥ የማከብረው ግን እዚህ ላይ ነው። ማስረጃው ጠንከር ሲል ብቻ እንናገር ባይ ነበር። ትንበያ ከሚለው ቃል ይልቅ ጥላው አስቀድሞ ታየ የሚል ዓይነት ለዘብ ያለ ቃል ይመርጥ ነበር። ግንቦት ላይ የምንሰማው «ዕድሉ ያመዝናል» የሚለው አነጋገርም ከዚህ ጥንቃቄ ጋር አንድ ነው። እርግጠኛ መስሎ ከሚዋሽ ይልቅ ዕድሉን በልኩ የሚነግረን ይሻላል። እኛ ይህን እንደ ድክመት ቆጥረን እናላግጥበታለን።

ዎከር እ.ኤ.አ. በ1958 ሞተ። በ1969 ያኮብ ብየርክነስ የተባለ ሳይንቲስት ያን የግፊት ውዥዋዜ ከኤል ኒኞ ጋር አገናኘው። ኤል ኒኞ ማለት የሰላማዊ ውቅያኖስ ምሥራቅና መካከል ከወትሮው በላይ ሲሞቅ ነው። ብየርክነስ በውቅያኖሱ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰውን፣ ከላይ ደግሞ የሚመለሰውን የአየር ዑደት በዎከር ስም ጠራው። ሰውየው ግን ይህን ሳያይ አለፈ።

ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ኤል ኒኞ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሰሜኑና የሰሜን ምሥራቁ ክረምት ይሳሳል። በአንጻሩ ቦረናና ሶማሌ በበልጋችን ሳይሆን በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚያገኙት ዝናብ ይበዛል፤ ጎርፍም ያስከትላል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ያየነው ይኸው ነው። በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕለት እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ውቅያኖሱ መሞቁ ግን ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

የራሴንም ልንገራችሁ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ነበር። አንድ መምህር ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እያነበቡ ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን እኔና ጓደኞቼ ከቧንቧ ውኃ ቀድተን ሞላንበት። መምህሩ አልመቱንም። ደብተራቸውን አሳዩን፤ የዚያ ቀን ቦታ ባዶ ነበር። «ይቺን ቀን ማንም መልሶ አያገኛትም» አሉን። ቆይቶ መለኪያው የታጠረበትን ሽቦ ሰዎች እየፈቱ ወሰዱት። ለዶሮ ቤት፣ ለጓሮ። የከለከለ አልነበረም። በመጨረሻ መለኪያው ራሱ ጠፋ።

በየቦታው እንዲህ የተቆረጡ ደብተሮች አሉ። በጦርነት ዘመን የተቋረጡም ብዙ ናቸው። የጦርነቱን ለታሪክ እንተወው። የሽቦው ግን የእኛ ነው።

እናም ወገኖቼ፣ በየቀበሌያችሁ የዝናብ መለኪያ የቆመበት ያ ነጭ አጥር ካለ ሂዱና እዩት። ፍየል እንዳይታሰርበት ተቆጡ። ልጆቻችሁን ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውሰዷቸው፤ አንባቢው እንዴት ጎንበስ ብሎ ሚሊ ሜትሩን እንደሚያይ ይመልከቱ። ቢታመም ማን እንደሚያነብለት ጠይቁት።