አንድ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ይኼ ሕዝብ የማያማው ነገር የለም። አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶች በስደተኛ ሕፃናት ስም የሚያደርጉትን የቅንጅት ስብሰባ «የአበል ማውጫ» እያለ ያማል። እኔ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት። ልጅን ዝም ብሎ መርዳትማ ማንም ያውቅበታል። አያቶቻችን ያለ ቃለ ጉባኤ ስንቱን የጎረቤት ልጅ አሳድገው የለ? ልጅን ለመርዳት መናበብ ግን ሌላ ነው። አዳራሽ ይፈልጋል፣ ፕሮጀክተር ይፈልጋል፣ የሻይ ዕረፍት ይፈልጋል።

የቦታ አመራረጡ ራሱ ይደነቃል። ልጆቹ ያሉት ጋምቤላ፣ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ውስጥ ነው፤ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ፣ ፑኝዶ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ስብሰባው ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ ሐይቅ ዳር። የዋህ ሰው «ለምን እዚያው አይሰበሰቡም?» ይላል። ጋምቤላ እኮ ይሞቃል ወዳጄ! በዚያ ሙቀት ስለ ሕፃናት ሥነ ልቦና ማን አስተውሎ ያስባል? ልጆቹማ ለምደውታል።

አዳራሹን ገብታችሁ ብታዩት ታምኑኛላችሁ። በር ላይ ስም ይመዘገባል። ከስሙ ጎን የባንክ ሂሳብ ቁጥር መጻፊያ አለች፤ እዚያች ጋ የሁሉም ሰው ጽሕፈት ያምራል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ከረሜላ። ከፊት ባነሩ ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ አንዲት ሕፃን ትስቃለች። ከሥሯ የድርጅቶች አርማ ተደርድሯል፤ ከመብዛቱ የተነሳ ልጅቷን እስከ አገጯ ሸፍኗታል። የክብር እንግዳው ዘግየት ብለው ይደርሱና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ይከፍታሉ። አስተባባሪው ደግሞ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ይቀጥላል። ይቺን ተረት ግን እኛ አሻሽለናታል። እኛ ጋ ሎሚው አንድ ነው፤ ሰዎቹ ናቸው ሃምሳ።

ከሻይ በኋላ የቡድን ውይይት አለ። በትልቁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠንካራ ጎን፣ ክፍተት፣ የመፍትሔ ሐሳብ ተብሎ በማርከር ይሰመራል። ክፍተቱ ሁሌም የቅንጅት ማነስ ነው። መፍትሔው ተጨማሪ የቅንጅት መድረክ ነው። የተሰበሰብነው እኮ የሥራ ድግግሞሽን ለማስወገድ ነው። ባለፈው ሩብ ዓመትም የተሰበሰብነው ለዚሁ ነበር።

ሕጉም ከጎናችን ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 22 ላይ ስለ ስደተኛ ልጅ ይናገራል። መንግሥታት ከተባበሩት መንግሥታትና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተባብረው ልጁን እንዲጠብቁ፣ ወላጆቹንም እንዲያፈላልጉ ይላል። መተባበሩን ጀምረናል። ማፈላለጉ በሂደት ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። አንድ ልጅ እንበል፤ 11 ዓመቱ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳኗ ናስር አካባቢ ውጊያው ሲያገረሽ ታናሽ እህቱን ይዞ፣ ከጎረቤት ጋር ድንበር አልፎ ጋምቤላ ክልል ወዳለችው ማታር ተሻገረ። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረበት ከታኅሣሥ 2006 ወዲህ እንዲህ የሚሻገር ልጅ ጠፍቶ አያውቅም። እናቱ መንገድ ላይ ተለየችው።

መጀመሪያ መዝጋቢው መጣ። ስም፣ ዕድሜ፣ አሻራ። «እናትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃት የት ነው?» ልጁ በኑዌርኛ መለሰ። ቀጥላ የጤና ባለሙያዋ የእህቱን ክንድ በባለቀለሙ ሜትር ለካች። ቢጫው ላይ ቆመ፤ የምግብ እጥረት አለባት ማለት ነው። «እናታችሁስ?» ከዚያ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰ ማኅበራዊ ሠራተኛ ብዙ ገጽ ያለው ቅጽ ይዞ ደረሰ። በማግስቱ አረንጓዴ ሰደርያ መጣ፣ ቤተሰብ አፈላላጊ። ከዚያ ነጭ ሰደርያ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ። እሷ ደግሞ «እናትህን ስታስባት ምን ይሰማሃል?» የምትል ጨመረችበት። በወሩ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ መጣ፤ ስንት ሰው እንዳነጋገረው ሊጠይቀው። ልጁ አሁን ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። «ወንዙ ዳር፣ ማታ፣ ጀሪካን ይዛ ነበር።» አስተርጓሚውም ልጁ አፉን ሳይከፍት ይተረጉማል። ቅልጥፍና ማለት ይኼ ነው።

ልጅን አንድ ታሪክ ደጋግሞ ማስተረክ ጉዳት እንዳለው የሚናገር ስላይድ ቢሾፍቱ ላይ ቀርቧል። በደማቁ ተጽፎ ነበር። በጭብጨባ አልፏል።

«ታዲያ ለምን ወረቀት አይቀባበሉም?» ትሉ ይሆናል። ምስጢር ጥበቃ የሚባል ነገር አለ እኮ! የልጁ ጉዳይ ምስጢር ነው። ስለዚህ ሰማያዊው የሞላውን አረንጓዴው አያየውም። ፎቶው ባነር ላይ መውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የኮሙኒኬሽን ክፍል ሥራ ነው።

ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለውን የሚወስን ፓነልም አለ። የሕፃኑን የላቀ ጥቅም ይመዝናል። ይኼን ሳላሽሟጥጥ ነው የምለው፤ ጥሩ አሠራር ነው። አንድ ሹም ብቻውን የልጅን ዕጣ እንዳይቆርጥ ተብሎ የተሠራ ነው። ብቻ ከተለያየ መሥሪያ ቤት ሰው ይፈልጋል። ሰዎቹ ደግሞ ሥልጠና ላይ ናቸው። ሥልጠናው የልጆች ጉዳይ ሳይዘገይ እንዴት እንደሚወሰን ነው።

ሲፈለግ እንደሚቻልማ ታይቷል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የስደተኛ ልጅ ልደቱ ይመዘገባል፣ የልደት ምስክር ወረቀትም ያገኛል። ይኼን ግን ለሰው አታውሩ። ሥራ የማለቅ አደጋ እንዳለው ያሳያል።

ገንዘቡስ? አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ሐሜተኛ ይኼን ሲሰማ «ያዝኳቸው!» ይላል። አልያዛቸውም። ስብሰባው ፕሮጀክቱ ውስጥ ከተጻፈ የአስተዳደር ወጪ መሆኑ ይቀራል፤ የፕሮጀክት ሥራ ነው። ምሳው፣ ነዳጁ፣ አበሉ ሁሉ ለሕፃናት የዋለ ተብሎ ይመዘገባል። ሰኔ ላይማ አይነሳ። በጀት ሊዘጋ ሲል የሕፃናት ችግር ይጠናል፤ ሆቴልም ይጠፋል።

ትዝ ይላችሁ እንደሆነ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ዕርዳታው ያላግባብ ይወሰዳል ተብሎ ለስደተኞች የሚታደለው ምግብ ቆሞ ነበር። ለወራት። ማሽላው ቀረ፣ ዘይቱ ቀረ። ውይይቱ ግን አልቀረም። ሁኔታው በአንክሮ ተገመገመ፣ አቅጣጫም ተቀመጠ። ልጆቹ ራት አጥተው ይሆናል እንጂ አቅጣጫ አጥተው አያውቁም።

ከሳዑዲ ተመልሶ ቦሌ የሚያርፈውን ታዳጊ ረሳችሁት እንዳትሉኝ። እሱ ከስደት ተመላሽ ስለሆነ ጉዳዩ የሚታየው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ባነር። ሁለቱን ጠረጴዛዎች የሚያቀናጅ ሦስተኛ ጠረጴዛ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ደግፌዋለሁ።

የእኔ ሐሳብ ግን ትንሽ ናት። ያ የ11 ዓመት ልጅ ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ባለሰደርያዎቹን አንድ በአንድ ይለያል። ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን እመለሳለሁ ብሎ እንደቀረ በቃሉ ይዟል። የሰጡትን ካርድና ወረቀት ሁሉ በአንድ ፌስታል ቋጥሮ ይዞራል። ሙሉ ፋይል ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ታዲያ አስተባባሪው እሱ ለምን አይሆንም? ቢሾፍቱ ይምጣ፣ አበሉንም ይውሰድ።

ሐሳቡን ለአንድ የፋይናንስ ሰው ነገርኩት። በጣም ወደደው። አበል ለመክፈል ግን ፊርማ ያስፈልጋል አለኝ። ልጁ ዕድሜው ከ18 በታች ስለሆነ የሚፈርምለት አሳዳጊው ነው። አሳዳጊው ማን እንደሆነ ደግሞ ገና በቅንጅት እየታየ ነው።