ዊልቸሩ ውጭ ያድራል

ባለፈው ክረምት ጎጃም፣ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ሄጄ አንዲት የሰፈራችንን ልጅ ጠየቅኋት። በልጅነት ልምሻ ሁለት እግሮቿ አልታዘዝ ያሏት ናት። ትምህርት ቤት ስንሄድ ወንድሞቿ በየተራ ያዝሏት ነበር። አሁን አርባ ዓመት አልፏታል። የምትኖረው በሰው ግቢ ጓሮ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ በኪራይ። በሩ ጠባብ ነው፤ ዊልቸር አያስገባም። ደፉም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ዊልቸሩን በር ላይ ትታ በእጇ እየዳኸች ትገባለች። ማታ ላስቲክ ታለብሰዋለች። የጎጃምን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ላስቲክ የትም እንደማያደርስ ያውቃል። ብረቱ ዝጓል፤ አንዱ ጎማ መዞር ትቷል።

ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው። ስድስት ቤተሰብ ይጋራዋል። ጉድጓድ ላይ እንጨት የተረበረበበት ነው፤ የሚይዙት ነገር የለውም። «ከሰዓት በኋላ ውሃ አልጠጣም» አለችኝ። ሌሊት መውጣት እንዳይመጣባት ነው። እንደ ተራ ወሬ ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣ አለኝ።

የምትተዳደረው በሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ነው። ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ በሁለተኛው ምዕራፍ 83 ከተሞች ደረሰ። መሥራት የሚችል የአካባቢ ልማት ሥራ ሠርቶ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችል በየወሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ብዙ ሰው ከረሃብ አውጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድጋፉ የሚሰላው በቤተሰብ አባል ብዛት ነው። ብቻዋን ለምትኖር ሴት የሚደርሳት የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ ነው። ኪራይ ግን በሰው ቁጥር አይሰላም። አምስት ሆናችሁም ተከራዩት ብቻችሁን፣ የአንድ ክፍል ዋጋ ያው ነው። እንግዲህ ብቻውን የቀረው ሰው፣ ማለትም ረዳት የሌለው ሰው፣ ከሁሉ ያነሰ ይቀበልና ከሚቀበለው ከሁሉ የበለጠውን እጅ ለቤት ይከፍላል። የእሷ ገንዘብ እጇ ሳይሞቅ ወደ አከራይዋ ይሄዳል። የምትበላው ጎረቤት ሲሰጣት፣ የሰፈር ማኅበርና ዝክር ሲኖር ነው።

ይህን በአንድ የከተማው ስብሰባ ላይ አንስቼው ነበር። አንድ ኃላፊ «አካል ጉዳተኛ ቤተሰብ አለው፤ ከቤተሰቡ ጋር ይኑር» አሉ። ክፋት ያላቸው ሰው አይመስሉኝም። በእኛ አገር እውነትም ቤት ማለት ቤተሰብ ነው። ግን እናት ትሞታለች። ወንድም ያገባል። ሴት ልጅ ደግሞ እንኳን አካል ጉዳተኛ ሆና፣ ደህናም ሆና በወንድሟ ቤት መኖር ቀላል አይደለም። የእኔዋ ጓደኛ ወንድሞቿን አትወቅስም። «እነሱም ልጆች አሏቸው» ነው የምትለው። የመረጠችው ቢጠብም ቁልፉ የራሷ የሆነ ክፍል ነው። ይህን ምርጫዋን ነው ማክበር ያለብን። ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 አካል ጉዳተኞች ከመንግሥት የቤት መርሐ ግብሮች ተጠቃሚ ይሁኑ ይላል።

መርሐ ግብሮቹ ግን ለማን ናቸው? በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተይዞ ነበር። ጥሩ ነው። ግን ዕጣ ውስጥ ለመግባት መቆጠብ ያስፈልጋል። በእኛ ክልል ደግሞ ሰው በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ይወስዳል። እዚያም በዝግ ሒሳብ ገንዘብ ማስቀመጥ አለ። በቀጥታ ድጋፍ የሚኖር ሰው ከምኑ ይቆጥባል? በክረምት በጎ ፈቃድ ቤት ይታደሳል፤ ወጣቶቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን የሚታደሰው የራስ ቤት ነው። የተከራየ ሰው ምኑ ይታደስለታል?

ይህን እኔም ሞክሬዋለሁ። ደፉን እናፍርስ፣ በሩን እናስፋ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ ብዬ አከራይዋን ለመንኳቸው። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ለአናጢ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እሳቸውም ደግ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ እኔ አልከለክልም» አሉኝ። «ግን ልጄ ሊያገባ ነው። ክፍሏን ሲፈልጋት እሷ ትወጣለች። ገንዘብህን ለምን ታባክናለህ?» እውነታቸውን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በእኛ ሰፈር ግን ውል የሚባል ነገር ማን ያውቃል? ለአካል ጉዳተኛማ ቤት መገኘቱም ጭንቅ ነው። ዓይነ ስውር ከሆነ «እሳት ቢለኩስብኝስ» ይባላል። ዊልቸር ካለ «ውሃ ማን ይቀዳላታል» ይባላል። ደላላው ራሱ ስልክ ማንሳት ይተዋል።

በነገራችን ላይ አካል ጉዳት ማለት ዊልቸር ብቻ አይደለም። በጎጃም ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲያርሱ ኖረው እግራቸው ያበጠ ሰዎች አሉ። ከዓመታት በፊት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች በተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ከመቶው ሦስት ማለት በየመንደሩ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ እግራቸውን መታጠብ፣ ማድረቅና ጫማ ማድረግ አለባቸው። ወለሉ ውሃ በሚያቁር ቤት ይህ እንዴት ይሆናል? ለእነሱ ደረቅ ወለልና ቅርብ ውሃ መድኃኒት ነው።

እኔ የማየው መፍትሔ ከእጃችን አልራቀም። የቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራያቸው ዛሬም በቀጥታ ድጋፍ የሚኖር ሰው የሚችለው ነው። አከራይ ልጄ ሊያገባ ነው ብሎ አያስወጣም። ብዙዎቹ መንገድ ዳር፣ ገበያና ጤና ጣቢያ አጠገብ ናቸው። አርጅተዋል፤ አውቃለሁ። አንዳንዶቹም በመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። ግን ዛሬም ሰው ይሞትባቸዋል፤ ሰው ይለቃቸዋል። ሲለቀቁ ማን እንደሚገባባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ደመወዝ ያለው ሰው ሲገባ አይቻለሁ። የራሱን ቤት አከራይቶ የቀበሌ ቤት የያዘም አውቃለሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የቀበሌ ቤት ሲለቀቅ ቀዳሚው በቀጥታ ድጋፍ የሚኖር አካል ጉዳተኛ ይሁን። ስም ዝርዝሩ አዲስ አይደለም፤ ሴፍቲኔቱ ጋ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ተራው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ ሰው ይየው። ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ደፉ ይፍረስ፣ በሩ ይስፋ፣ ሽንት ቤቱ መቀመጫና መያዣ ይግባለት። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ የጠየቀው ሕዝብ ከሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ነበር። መኖሪያ ቤትን አላስገደደም። ግን የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለማሻሻል አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። አሸዋ፣ ጥቂት ሲሚንቶና የክረምቱ ወጣቶች ይበቃሉ።

ቤቱ እስኪገኝ ድረስስ? ብቻውን ለሚኖር አካል ጉዳተኛ ከድጋፉ ጎን የኪራይ ድርሻ ይታሰብለት።

የጓደኛዬ ማመልከቻ ቀበሌው መዝገብ ቤት ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የክረምቱ የቤት እድሳት ዝርዝር ግንቦት ላይ ይሠራል። ኮሚቴው ዘንድሮ ሲቀመጥ ያን ወረቀት ያውጣው። ከእሷ ቤት ሁለት በር አልፎ አንድ የቀበሌ ቤት ተቆልፎ ቆሟል። በሩ ሰፊ ነው።