አያቴን ከመዝገብ ያስወጣቻቸው አንዲት ክፍተት

የአባቴ ስም ኃይለሚካኤል ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት አጣብቆ ጻፈው። ሌላው «ኃይለ ሚካኤል» ብሎ ለያየው። ቅጹ ላይ ያሉት ሳጥኖች ደግሞ ሦስት ናቸው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ስለዚህ አባቴ «ኃይለ» ሆነ፣ «ሚካኤል» አያቴ ሆነ፣ እውነተኛው አያቴ ቦታ አጥተው ወጡ። ሁለቱን ወረቀት ይዤ ሦስተኛ ቢሮ ስሄድ «አንድ ሰው ስለመሆንህ ማስረጃ አምጣ» ተባልኩ።

ይህን ያነሳሁት ብሎክቼይንና ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር የኮምፒዩተር ፕሮግራም) የተለያዩ ተቋማትን ሲስተሞች እርስ በርስ ያነጋግራሉ የሚለው ወሬ ስለበዛ ነው። ያነጋግሩ ይሆናል። ግን የትኛው ለየትኛው ሥራ?

ብሎክቼይን ብዙ ወገኖች የየራሳቸውን ቅጂ የያዙት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ገጽ አሻራ ስለሚይዝ ወደ ኋላ ሄዶ የደለዘ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። ጥሩ ነው። የገባው ነገር ልክ ይሁን አይሁን ግን አያውቅም። ሚካኤል አያቴ ተብለው ከገቡ እንደዚያው ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ እርማቱ ከሥር ይጨመራል እንጂ ስህተቱ አይፋቅም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ካርዳኖ የተባለው ብሎክቼይን ገንቢ ኩባንያ ኢንፑት አውትፑት ከኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችንና የ750 ሺህ መምህራንን መረጃ በብሎክቼይን እንደሚይዝ ሲያስታውቅ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ለሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ መድኃኒት ነዋ። በየውይይቱ እንደ ምሳሌ የምትጠራው ኢስቶኒያ ግን መሥሪያ ቤቶቿን ያገናኘችው በብሎክቼይን አይደለም። ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው ኤክስ ሮድ መረጃውን እዚያው ባለቤቱ ቢሮ ትቶ፣ ሲጠየቅ ብቻ አመስጥሮ የሚያሻግር ነው። ለብሎክቼይን የቀረበው ቴክኖሎጂ የመጣው በኋላ ነው፣ ሥራውም መዝገቡ አለመነካካቱን መጠበቅ ነው። ኢስቶኒያዎች መጀመሪያ የተስማሙት ለእያንዳንዱ ሰው በሚሰጥ አንድ መለያ ቁጥር ነበር።

«እኛስ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር አለን አይደል?» የሚል ይኖራል። አለን፣ ባለ 12 አኃዝ። ግን ድሮ የተከፈተው የሆስፒታል ካርድ፣ የማትሪክ ውጤት፣ የባንክ ደብተር ይህ ቁጥር የላቸውም። አንድ ጊዜ ከቁጥሩ ጋር መጣበቅ አለባቸው፤ ራስ ምታቱ ያለው እዚህ ነው።

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰው ናቸው። ይህን ለማስተካከል ኒውራል ኔትወርክ አያስፈልግም፣ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል (ይህን ያልጻፈ ቢሮ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ባያወራ ደስ ይለኛል)። ጸሐይ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጻፍ ግን አንዱ በቲ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ። የልደት ቀን ደግሞ አለ። አንዱ ጸሐፊ በትክክል ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይራል፣ ሌላው ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 ደምሮ ወሩን እንዳለ ይተዋል፣ ጳጉሜን 5 የተወለደው ወዳጄ ደግሞ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ገጥሞት ነሐሴ 30 ተወልዷል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ለኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ስህተት ደንብ እየጻፉ መዝለቅ አይቻልም። ኒውራል ኔትወርክ የሚያዋጣው ያኔ ነው፤ ሰዎች ቀድመው «ይሄና ይሄ አንድ ናቸው» ብለው ካጣመሯቸው ፋይሎች ስህተታችንን ይማራል፣ የእኛኑ የአጻጻፍ ልማድ።

ግን ሞክሼስ? በስም፣ በአባት ስም፣ በቀበሌ የሚገጥሙ ሰዎች ሞልተዋል። ሁለት ሕመምተኞች በስህተት ከተዋሃዱ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ፋይሉ ላይ ይስማማዋል ተብሎ ሊገኝ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲጠራጠር ዝም ብሎ አያጣብቅ፣ ለሠራተኛ ያሳይ፣ ሠራተኛውም አይቶ ይፈርም። ያ ፊርማ፣ ማን፣ መቼ፣ ምን አይቶ እንዳጣመረ፣ እሱ ብሎክቼይን ላይ ይቀመጥ። ስሙና ሕመሙ አይደለም። ነገ ሲጣራ «ሲስተሙ ነው» ማለት እንዳይቻል።

እኔ እንኳ ሁለት ምስክር ይዤ ሄጄ በመጨረሻ አንድ ሰው ሆኛለሁ። አንደኛው መዝገብ ላይ ግን ሚካኤል እስከ ዛሬ አያቴ ናቸው።