ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ሆነች

የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ ስለ ፋሲል ግንብ አላወራችሁም። እርሱንማ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስንተርክ እንውላለን። የማወራችሁ በቅዳሜ ገበያ ስለ ወደቀችው ቆሎ ሻጭ ነው።

ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት። ገበያው ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት የቆሎ ሰፌዷን እንደ ያዘች ተዘረረች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ጭንቅላቷ ከድንጋይ ጋር ይላተማል። ያን ጊዜ ምን አደረግን? ክብ ሠርተን ቆምን። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። ሌላው «አረፋው ይጋባል፣ አትንኳት!» እያለ ሰዉን ገፋ። አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቀረጻት። ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ሲገለጥ የሚሸፍናት ጠፋ፤ በጎንደር ገበያ ነጠላ የለበሰች ሴት የሌለች ይመስል! ቆሎዋን የሚረግጥ እግር ግን አልጠፋም።

ይህን ሁሉ በድንጋጤ አሳብቤ በተውሁት ነበር። ልተወው ያልቻልሁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ልጅቷ ነቃች። ዙሪያዋን አየች፤ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበችና «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አስቸገርኋችሁ» አለች። እኛም ይቅር አልናት! አንድ ሽማግሌ «ግድ የለም ልጄ» ብለው አለፉ፤ ትልቅ ውለታ እንደ ዋለ ሰው።

እኔ ይህን ይቅር አልልም።

በገዛ ሕመሟ እንድታፍር ማን አስተማራት? እንግዳ ሲመጣ የታመመ ልጁን ጓዳ የሚያስገባ ማን ነው? «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ቃል በአርባ አራቱ ታቦታት ከተማ ስንት ጊዜ ተሰበከ! ደግሞም ፈጽመነዋል፤ ራሳችንን የምንወድበት ልክ ይኸው ነውና። ጨጓራችን እየተቃጠለ «ደኅና ነኝ» እንላለን፤ የደም ግፊታችንን ከሚስታችን እንደብቃለን፤ ስንሳሳት ጠላት እንኳን የማይደፍረውን ስድብ በራሳችን ላይ እናወርዳለን። ለራሱ ያልራራ ሰው ለወደቀች ልጅ የሚራራበትን አንጀት ከየት ያመጣዋል? ራስን መውደድ ስል መኮፈስን አይደለም፤ እርሱማ ተርፎናል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። አይጋባም፤ አረፋውም ምራቅ ነው። ክብሪት ቢቃጠል ባይቃጠል ለውጥ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ጸበሉንም ተጠመቁ፣ ኪኒኑንም አታቋርጡ። ሰው ሲወድቅ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉ፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት አድርሱት። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገድ የምትጠርጉ፣ ምንጣፍ እየተሻማችሁ የምታነጥፉ ወጣቶች እናንተው ናችሁ። ያ እጅ በሌላው ቀን የት ይሄዳል? ስልክ ለመያዝ ብቻ ነውን?

ብዙ አልጠብቅም፤ ተናግሬ ደክሞኛል። ለዘንድሮ ክብሪቱ ከኪስ ሳይወጣ ቀርቶ አንዲት ነጠላ ከትከሻ ብትወርድ ይበቃኛል።