ማስተካከያ፦ ያልተመረቀች ሁሉ አቋርጣለች ማለት አይደለም

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስለሚያቋርጡ ልጃገረዶች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ የአቋራጮች ምጣኔ የተመራቂዎችን በመቶኛ ከ100 በመቀነስ እንደሚገኝ ተገልጿል። ስሌቱ ትክክል አይደለም።

የምረቃ ምጣኔው 9ኛ ክፍል አብረው ከጀመሩት መካከል በ4 ዓመት መደበኛ ዲፕሎማ የያዙትን ብቻ ይቆጥራል። በ5ኛው ዓመት ክፍል ገብታ የምትማር ልጅ በጊዜው አልተመረቀችም፤ ታዲያ ምኑን አቋረጠች?

አንዲት ልጅ 11ኛ ክፍል ሳለች ወለደች እንበል። በሚያዝያ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ በጥቅምትም አልተመለሰችም። በ19 ዓመቷ ጂኢዲ የተባለውን ፈተና አልፋ የአቻ ማስረጃ አገኘች። በአንድ ዓመት ውስጥ ያቋረጡትን የሚለካው አኃዝ ይህችን ልጅ ያኔውኑ ቆጥሯታል። ከ16 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ላይ ሆነው የማይማሩትንና ማስረጃ የሌላቸውን የሚለካው ግን አሁን አያካትታትም። በምረቃ ምጣኔው ደግሞ እስከ መጨረሻው ካልተመረቁት ጋር ናት፤ ጂኢዲ እንደ መደበኛ ዲፕሎማ አይያዝምና። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወሯ በጽሑፍ ያልተረጋገጠላትም ዕጣዋ ይኸው ነው።

የሴቶቹ የማቋረጥ ምጣኔ ከወንዶቹ ያነሰ ነው የተባለው ግን እንደጸና ነው።