እንግዳ ነው የመታነው

ልጁ 12 ዓመት ቢሞላው ነው። የአባቱን እጅ አጥብቆ ይዟል። አንገቱ ላይ ያለው ስካርፍ የእኛ ክለብ አይደለም። ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣችሁ በዚህ ልጅ ምክንያት ነው።

ክለቤን አልጠራም። የእነሱንም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ግማሻችሁ «እነሱ ናቸው የጀመሩት» ትሉኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ «የእኛ ደጋፊ እንዲህ አያደርግም»። ሁለቱንም መልስ ሰምቼ ጠግቤያለሁ።

ጊዜው ከኮሮና በፊት ነው፣ ክለቦች ገና በየሜዳቸው በሚጫወቱበት ዘመን። በመጀመሪያው ዙር ተጓዦቹ እኛ ነበርን። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በሁለት አውቶብስ ተነሳን። ከበሮ ይዘናል፣ ዳቦ ይዘናል፣ ግማሹ ሰው ሳይተኛ ነው የመጣው፣ መንገዱን ሙሉ ስንጨፍር ስንጨፍር ድምፃችን ተዘጋ። ከተማዋ መግቢያ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። አንዱ ተነስቶ «መጋረጃ ዝጉ፣ ከመስኮት ራቁ» አለ። ክለቡን ተከትሎ ክልል የወጣ ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ድንጋይ የምትጠበቅባት ሰዓት ናት።

አንድም ድንጋይ አልተወረወረብንም። ሹፌራችን ማቆሚያ አጥቶ ሲዞር አንድ ሰውዬ አየን፣ ከኮቱ ስር የእነሱን ማልያ የለበሰ፣ በአርባዎቹ ውስጥ የሚሆን። ከአውቶብሱ ፊት ፊት እየሮጠ መንገድ መራን። ከዚያ በኋላም አልተለየንም። ምሳ ቤት አሳየን። የራሱ ቤት ጎን ቡና የምታፈላ ሴትዮ አለች፣ እሷ ጋ ወሰደንና ዱካ ላይ አስቀመጠን። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ስኒ ሂሳብ ተቀበለች። ሁለተኛውን ግን «ይሄ የእንግዳ ነው» ብላ እጄን ከነብሩ መለሰችው።

1 ለ 0 ተሸነፍን። ዝናብ ደበደበን። ሰውዬው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ትልቅ ላስቲክ አምጥቶ ለአምስታችን አለበሰንና አውቶብሱ ድረስ ሸኘን። ሲለየን «ለመልሱ እኔም እመጣለሁ፣ ለልጄ አዲስ አበባ ስታዲየምን አሳይሃለሁ ብዬዋለሁ» አለኝ። «ና ብቻ፣ የምቀበልህ እኔ ነኝ» አልኩት። በአፌ ነው ያልኩት። በገዛ አፌ።

መጣ።

ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ያገቡብን በመጨረሻው ደቂቃ ነው፣ በፍጹም ቅጣት ምት። ሕዝቡ ነዶ ወጣ፣ እኔም ነድጄ ወጣሁ፣ እሱን አልክድም። ከስታዲየሙ በር ትንሽ ራቅ ብሎ ስድስት ሰባት የሚሆኑ የእኛ ልጆች ክብ ሠርተዋል። መሃል ላይ ሰውዬው ቆሟል። ልጁ ከጎኑ።

«ከየት ነህ?» አለው አንዱ። ከየት እንደመጣ ማልያው ይናገራል። እንግዲህ የተጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የልጁን ስካርፍ ከአንገቱ መነጨቁት። መሬት ላይ ጥለው ረገጡት። አባትየው «ልጅ ነው፣ እባካችሁ ልጅ ነው» ይላል። ያን ጊዜ አንዱ በጥፊ መታው። በልጁ ፊት። መነጽሩ ወደቀ። ልጁ አላለቀሰም፤ ጎንበስ ብሎ መነጽሩን አነሳ፣ በሹራቡ ጠረገውና ለአባቱ ሰጠው።

እኔ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። የመታው ልጅ የለበሰውን ማልያ ለብሻለሁ። ሰውዬው መነጽሩን ሲያደርግ ቀና አለና አየኝ። አወቀኝ። ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት አየሁት።

የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ አልኩ።

ክሩ አልተፈታም ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ ማን ነን? አያቶቻችን «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያላቸውን መንገደኛ ስሙን ሳይጠይቁ እግሩን አጥበው ያሳድሩ ነበር። ይሄን ለፈረንጅ ስናወራ ደረታችን ይነፋል። ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶብስ ተንገላቶ ኳስ ሊያይ የመጣ ሰው እንግዳ ካልሆነ ማን ነው እንግዳ? እንቅልፉን አጥቶ፣ ከደሞዙ ቀንሶ፣ ልጁን ይዞ ነው የመጣው። የመጣው ደግሞ እኛው የምንወደውን ነገር ወዶ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ጥር 2004 የግብጹ ክለብ የአል አህሊ ደጋፊዎች ቡድናቸውን ተከትለው እዚያው ግብጽ ፖርት ሳኢድ ከተማ ሄዱ። ባለሜዳው አል ማስሪ 3 ለ 1 አሸነፈ። አሸንፎም ደጋፊው ሜዳ ጥሶ ገባና ከ70 በላይ ሰው እዚያው ሞቶ ቀረ። በሽንፈት ብስጭት ነው እንዳትሉኝ፤ ያሸነፉት ናቸው የገቡት። እኛ ጋ እዚያ አልደረሰም የምትሉ፣ ያ ጥፊ የት ሊያደርስ እንደሚችል ማን ያውቃል? ልጁ መነጽሩን በማንሳት ፈንታ ድንጋይ ቢያነሳስ ኖሮ?

ደግሞ እንግድነትን እናውቀዋለን። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳዎቻችሁ መስፈርት አያሟሉም ብሎን፣ ሰኔ 2014 ግብጽን «በሜዳችን» የተጫወትነው ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው። 2 ለ 0 አሸንፈን በየሰፈሩ ጨፈርን። በ1954 ያንኑ ግብጽ 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳንበት ስታዲየም እዚሁ መሃል ከተማ ቆሞ፣ እኛ የሰው ደጅ ነበርን። ያን ቀን አንድ የማላዊ ሰው የአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅን ባንዲራ ቀምቶ ቢረግጥ ምን እንል ነበር?

ኮሮና መጣና በ2013 ሊጉ ክለቦቹን አንድ ከተማ ሰብስቦ እያጫወተ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ መዞር ጀመረ። ያ የሌሊት ጉዞ ቀረ። ብዙ ሰው «ተገላገልን፣ ጸብ ቀረ» ሲል ሰምቻለሁ። እኔን ግን ያሳዝነኛል። በአንድ አገር እየኖርን ኳስ ለማየት እርስ በርስ ቤት መሄድ መቅረቱ መገላገል ሲባል ያሳዝነኛል።

እናንተ ከበሮ የምትይዙ፣ እናንተ አስጨፋሪዎች፣ ሕዝቡ የሚሰማው እናንተን ነው። ዜማው ከበረኛ ወጥቶ ወደ ሰው ዘር ሲዞር ከማንም በፊት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ከበሮውን አቁሙ። ሁለት ደቂቃ ዝም ቢባል ኳሱ አይቆምም። እናንተ አባቶች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትገቡ ምን እየዘፈኑ እንደሚወጡ ስሙ። የመታው ልጅም አባት ይኖረዋል።

እናንተን ተውኳችሁ። የመታው አንድ ነው፣ ከብበው ያዩት ስድስት፣ ዳር ቆመን ያለፍነው ግን መቶ እንሆናለን። መቶ ሰው! አንዳችን «ተው» ብንል ያ እጅ ይወርድ ነበር። ለሰውዬው ቃል የገባሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። መቺውን ይቅር ማለት እችል ይሆናል፣ ጎረምሳ ነው፣ ስሜት ነድቶታል። እኔ 34 ዓመቴ ነበር።

ሲሄዱ ጠብቄ ስካርፉን አነሳሁት። ቤቴ አለ። አጥቤዋለሁ፣ የጫማው ምልክት ለቋል፣ አንዱ ጫፉ ግን ተተርትሯል። ባለቤቴ «ይሄ የማነው?» ስትለኝ ለዓመታት «ወድቆ ያገኘሁት ነው» ስላት ኖሬያለሁ። ባለፈው ሰሞን እውነቱን ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። «ታዲያ ለምን አልመለስክለትም?» ብቻ አለች።

ስለምፈራ ነው። ሰውዬው ቢሰድበኝ እችለዋለሁ። አይቶኝ እንደገና «ግባ፣ ቡና ጠጣ» እንዳይለኝ ነው የምፈራው።

ዘንድሮ ግን እሄዳለሁ ብያለሁ። ጨዋታ ኖረም አልኖረም። ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጎን ነው። ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ እንደኔ ጎንበስ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። አውቶብስ እንደማንሞላ አውቃለሁ። አንድ ሚኒባስ ግን ምናልባት እንሞላለን።