ሳይጠይቁ የማወቅ ጸጋ

እስቲ ዛሬ ደግሞ ወቀሳውን ትተን እናመስግን። ኦቲስቲክ ሰው ፊቱ ተቀምጦ እያለ ዞር ብሎ አብሮት የመጣውን "ይሰማል? ምን ይወዳል? አይናደድም አይደል?" እያለ የሚጠይቀውን ሰው ማለቴ ነው። ሰውየው እኮ ትልቅ ሰው ነው፣ ስራ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ ግን ስለራሱ ምን ያውቃል፣ የምናውቀው እኛ ነን። አይን ለአይን እያየ ካላወራ ደግሞ በቃ አለቀለት፣ አይን አይን እያየን የምንዋሸው ጤነኞቹ እኛ ነንና።

ይሄ ጸጋ ደግሞ ከሜዳ የተገኘ እንዳይመስላችሁ፣ ሳይንስ አለው። ኢቫር ሎቫስ የሚባለው የዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጅ 1965 ባወጣው ጥናት ሁለት ኦቲስቲክ የ5 ዓመት መንታ ልጆችን ኤሌክትሪክ የሚለቅ ወለል ላይ አቆማቸው፣ ወደ ትልቁ ሰው ከሄዱ ንዝረቱ ይቆማል፣ ታዲያ ሄዱ! ከሰው መቀራረብ ተማሩ ተባለ። እኔም እግሬን ኤሌክትሪክ ቢነዝረኝ የማልወደውን አለቃዬን ሮጬ አቅፈው ነበር፣ ከዛ ተግባቢ ነው ተብዬ ይመዘገብልኛል ማለት ነው። ልጆቹን ማን ጠየቃቸው የምትሉ ነገረኞች መቼም አትጠፉም።

ቅርሱም አልጠፋም እኮ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ያለው ጀጅ ሮተንበርግ ሴንተር የሚባል ተቋም ባህሪ ለማረም ብሎ ኦቲስቲክ ሰዎች ቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ መሳሪያውን በ2020 ቢያግደው በ2021 ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረለት። ተመስገን ነው።

ብሩኖ ቤትልሃይም የሚባለው ደራሲ በ1967 ኦቲዝም የሚመጣው ከወላጅ ቅዝቃዜ ነው ብሎ ጥፋቱን ወላጅ ላይ ደፍድፎ ሄደ፣ እሱን እንለፈው። እንግሊዛዊውን ሐኪም አንድሪው ዌክፊልድን ግን ሳላመሰግን አላልፍም፣ በልጁ ልደት ከመጡ ህጻናት ደም አስቀድቶ ለእያንዳንዳቸው 5 ፓውንድ የሰጠ ቸር ሰው ነው፣ ሌላው በኬክ ብቻ ይሸኛል። ክትባትና ኦቲዝምን ያያያዘበትን የ1998 ወረቀቱን ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ለመሰረዝ 12 ዓመት ፈጀበት፣ ችኮላ መቼም የሳይንስ ጠላት ነው፣ እስከዛ ድረስ ደግሞ ወላጁ ኦቲስቲክ ልጅ ከሚኖረኝ ኩፍኝ ይሻለኛል ብሎ መርፌውን ሲሸሽ ከርሟል፣ አስቡት ኦቲስቲክ ሆነህ ይሄን ስትሰማ።

አሁን አሁን ግን ሰዎቹ መጠየቅ ለመዱ። በ2021 ካምብሪጅ ላይ ስፔክትረም 10ኬ የሚባል ፕሮጀክት የ10,000 ኦቲስቲክ ሰዎችን ዲኤንኤ ልሰብስብ ብሎ ሲነሳ፣ ዲኤንኤያችን ነገ ምን ላይ ይውላል፣ እንደኛ አይነቱ እንዳይወለድ ነው ወይ ብለው ጮሁና በሳምንታት ውስጥ አስቆሙት። ምራቅ ሰጥቶ ዝም ማለት ምን ይከብዳል? ዴሚያን ሚልተን የሚባለው ተመራማሪ ደግሞ፣ ራሱ ኦቲስቲክ ነው፣ በ2012 ተነስቶ አለመግባባቱ የሁለታችንም ነው፣ እናንተም እኛን አትረዱንም አለ። ይታያችሁ ድፍረቱ! እኛ እኮ ርህራሄ የላቸውም ብለን ጽፈን ጨርሰናል፣ ማን ሊያርመው ነው?

ለማንኛውም የኦቲዝም ቀን ሲደርስ ፓናሉ ዝግጁ ነው። ዶክተር አለ፣ ስፖንሰር አለ፣ ወላጅ አለ፣ ኦቲስቲኮቹም አልተረሱም፣ የሳሉት ስዕል ኮሪደሩ ላይ ይሰቀላል። ማይክ ያልሰጠናቸው ድምፅ ይረብሻቸዋል ብለን፣ ለነሱው አስበን ነው።